ደብተሩ የእኔ፤ ድርሰቱስ የማን?



ስለ ሕግ ለመጻፍ ብዕር ሳነሣ ሕግ ዐዋቂ ነኝ ብዬ አይደለም፤ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ዳሩ ግን ባለፈው ዓመት ሳላውቅ ከአንድ ሕግ ጋር ተላትሜ ነበርና፥ ከዚያ ወዲህ አንብቤና ጠይቄ የተረዳሁትን በዚህ የዓመት መጽሔታችን ላይ ባሰፍረው ለሌላው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ዐሰብሁ። ሕጉ ደራሲን፥ ሠዓሊን፥ የዜማ ደራሲንና ቴያትር ጸሐፊን የሚጠብቀው የቅጂ መብት ሕግ ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። የቴያትር ክበባችን ለወላጆች ቀን የሚታይ ቴያትር እንዲዘጋጅ በታኅሣሥ ወር ወሰነ፤ ጽሑፉን እንዳዘጋጅም እኔ ተመረጥሁ። እኔም ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ ያነበብሁት አንድ አጭር ልብ ወለድ ትዝ አለኝ። ታሪኩ ስለ ሁለት የተጣሉ ጎረቤታሞች ነው። እያንዳንዳቸው ያላቸው አንድ አንድ በሬ ብቻ ስለ ሆነ መቀናጆ ካልገቡ በቀር ማረስ አይችሉም፤ ዝናቡ ደግሞ ደርሷል። ይህን ታሪክ በሦስት ገቢር ከፍዬ፥ ሰዎቹን እያነጋገርሁ፥ በሁለት ወር ውስጥ አንድ ደብተር ሙሉ ጻፍሁ። በመጽሐፉ ውስጥ ጎረቤታሞቹ ሳይታረቁ የእርሻው ወራት ያልፋል። እኔ ግን ይህ ለወላጆች ቀን አይስማማም ብዬ በመጨረሻ አስታርቄ፥ እልልታም ጨምሬ አስጨፈርኋቸው። በደብተሩ ሽፋን ላይ «ደራሲ» ብዬ ስሜን በጉልህ ጻፍሁ። ክበቡም መግቢያው በሰው 20 ብር ሆኖ ገንዘቡ ለቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ መግዣ እንዲውል ተስማማ።

የዐማርኛ መምህራችን ደብተሩን ወስደው አድረው መለሱልኝ። «ቃለ ምልልሱን አሳምረኸዋል። ታሪኩን ከየት አመጣኸው?» አሉኝ።

«ከመጽሐፍ ነው፥ መምህር።»

«ታዲያ በሽፋኑ ላይ ያለው ስም የማን ነው?»

ምን እንደምመልስ ቸገረኝና፥ «ደብተሩ የእኔ ነው» አልኋቸው። ጓደኞቼ ሳቁ፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። «ደብተሩ ያንተ መሆኑን ማንም አልካደም። ድርሰቱ የማን እንደ ሆነ ሄደህ ሕጉን አንብብና መጥተህ ለክበቡ አስረዳ» ብለው አሰናበቱኝ። እውነቱን ለመናገር በጣም ተቀየምሁ። ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ የደከምሁበት ሥራ እንደ ስርቆት ተቈጠረብኝ ብዬ እራቴን ሳልበላ አደርሁ።

አዋጁን ያገኘሁት ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ማመልከቻ ከሚጽፉ አንድ አዛውንት ነው። ነጋሪት ጋዜጣውን ሲያውሱኝ፥ «ባባ፥ ፎቶ ኮፒ ባደርገው ያስጠይቀኝ ይሆን?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ አምስተኛውን አንቀጽ አንብብ» አሉኝ። ባነብበው ሕግ፥ የፍርድ ቤት ውሳኔና ይህን የመሰለ የመንግሥት ጽሑፍ ራሱ በቅጂ መብት የማይጠበቅ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ስለ መገልበጥ የሚከለክለውን ሕግ ያለ ምንም ስጋት ገለበጥሁት!

አዋጁ «የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996» ይባላል። በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 አንዳንድ ነገሩ ተሻሽሏል። ይህ ማለት ከ1996 ዓ.ም. በፊት በአገራችን ደራሲ ሕግ አልነበረውም ማለት አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 ጀምሮ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ይናገር ነበር። አዲሱ አዋጅ ያንን አስፍቶና አጥብቆ ተካው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሕጉ የሚጠብቀው «ሥራ» ብሎ የሚጠራውን ነው። በዚህ ቃል ውስጥ መጽሐፍ፥ የጋዜጣና የመጽሔት ጽሑፍ፥ ግጥም፥ ንግግርና ስብከት፥ ቴያትር፥ ዜማ፥ ፊልም፥ ሥዕልና ቅርጽ፥ የሕንፃ ንድፍ፥ ካርታ፥ ፎቶግራፍ፥ የኮምፒዩተር ፕሮግራምም ሳይቀር ይገባሉ። አንድ ሥራ ጥበቃ እንዲያገኝ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ «ወጥ» መሆን አለበት፤ ይኸውም ከሌላ ያልተቀዳ፥ ሠሪው ከራሱ አእምሮ ያወጣው መሆን አለበት ማለት ነው። ሁለተኛው «ግዙፍነት» ማግኘት አለበት። በወረቀት ላይ መጻፍ፥ በድምፅ መቅጃ መቀዳት፥ በሸራ ላይ መሣል ይህን ያሟላል። በልቤ ያለ ግጥም ግን ሕግ አያውቀውም።

እኔን በጣም የገረመኝ ሕጉ የማይጠይቀው ነገር ነው። ሥራው መልካም ይሁን መጥፎ አይጠይቅም። ለምን ዓላማ እንደ ተጻፈ አይጠይቅም። ታትሞ መውጣቱንም ሆነ ማስመዝገብን እንደ ግዴታ አያስቀምጥም። መብቱ የሚወለደው ሥራው በተጻፈበት ቀን ከሥራው ጋር ነው። ስለዚህ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ግጥም የሚጽፈው ጓደኛችን (ስሙን አልናገርም) ግጥሙ ቤት ባይመታ እንኳ፥ በግጥሙ ላይ ያለው መብት በመጻሕፍት መደብር መጽሐፉ ከሚሸጥለት ደራሲ መብት አያንስም። በዚህ መጽሔት የምታነብቡትም እያንዳንዱ ጽሑፍ የጸሐፊው የተማሪው ነው፤ መጽሔቱን መርጦና አሰናድቶ ያወጣው ክፍል ደግሞ በአሰባሰቡ ላይ የራሱ መብት አለው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣውን ነጥብ ለመረዳት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ስለዚህ እናንተም ረጋ ብላችሁ እንድታነብቡልኝ እለምናለሁ። ሕጉ ሐሳብን አይጠብቅም። ሐሳብ፥ ዘዴ፥ ቀመር፥ የተገኘ አዲስ የተፈጥሮ ምስጢር፥ እንዲሁ ደረቅ መረጃ፥ በጽሑፍ ቢገለጥም እንኳ የማንም የግል ንብረት አይሆንም። ሐሳብ እንደ ወል ግጦሽ ነው፤ የሁሉም ከብት ይገባበታል። ሕጉ የሚጠብቀው ያ ሰው ሐሳቡን የገለጠበትን መልክ፥ የመረጣቸውን ቃላት፥ የሠራቸውን ሰዎች፥ ታሪኩን ያስኬደበትን አካሄድ ነው። የፒታጎራስን ሕግ ማንም ያስተምረዋል፤ አንድ የሒሳብ መጽሐፍ ደራሲ እርሱን ለማስረዳት የጻፋቸውን ገጾች ግን እንዳለ ወስዶ በራሱ ስም ማሳተም አይቻልም። ተረትና ምሳሌዎቻችንም እንዲሁ ናቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የሁላችን ነው፤ አንድ ሰው ብዙ ምሳሌዎችን ለቅሞና በራሱ ሥርዐት አሰናድቶ መጽሐፍ ቢያወጣ ግን አመራረጡና አሰዳደሩ የእርሱ ሥራ ይሆናል።

ወደ እኔ ጉዳይ ስንመልሰው፥ የተጣሉ ሰዎች ለሥራ መቀናጀት ግድ ሲሆንባቸው የሚታየው ችግር ሐሳብ ነው፤ ማንም ሊጽፍበት ይችላል። እኔ ግን የወሰድሁት ሐሳቡን ብቻ አልነበረም። ሁለቱን ጎረቤታሞች ከነስማቸው፥ ከነበሬዎቻቸው ቀለም፥ ጠቡ ከተነሣበት የድንበር ድንጋይ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ተራ በተራ ወስጄ ነበር። ይህ ወል ግጦሽ ሳይሆን የሰው አጥር ነው።

የባለቤቱ መብት ሁለት ወገን አለው። አንደኛው የኢኮኖሚ መብት ነው። ሥራውን ማባዛት፥ መተርጐም፥ ወደ ሌላ መልክ መለወጥ፥ ለሽያጭ ማሰራጨት፥ በሕዝብ ፊት መጫወት፥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተላለፍ የሚችለው ራሱ ወይም እርሱ የፈቀደለት ሰው ነው። አጭር ልብ ወለድን ወደ ቴያትር መለወጥ ከነዚህ አንዱ ነው። ሁለተኛው የሞራል መብት ነው። ደራሲው «ይህ የእኔ ሥራ ነው» ለማለት፥ ሲፈልግም ስሙን ለመሰወር ወይም በብዕር ስም ለመውጣት፥ ሥራውንም ክብሩን በሚነካ መንገድ ለውጠው ወይም አጣምመው ሲያቀርቡበት ለመቃወም ይችላል። የመጀመሪያው ስለ እንጀራ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ስም ነው። የትኛው እንደሚበልጥ ያን ጊዜ ብትጠይቁኝ ያለ ጥርጥር ስለ እንጀራ የሚናገረው ነው እል ነበር።

መጽሐፍ መግዛትም ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። መጽሐፉን የገዛ ሰው ወረቀቱን ገዛ፤ ሊያውሰው፥ ሊሰጠው ይችላል። ድርሰቱን ግን አልገዛም። «ደብተሩ የእኔ ነው» ያልሁት ለዚህ ነው ከንቱ መልስ የሆነው።

መብቱ ለዘላለም አይደለም። የኢኮኖሚው መብት ደራሲው በሕይወት እስካለ፥ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይቈያል። የፎቶግራፍ ዘመን ግን አጭር ነው፤ ከተነሣ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። በምሳሌ ላስረዳ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በስደት ሳሉ በእንግሊዝ አገር ያረፉት በ1931 ዓ.ም. ስለ ሆነ የእርሳቸው መጻሕፍት ዘመን አልፏል። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ነገር ግን ቈጠራው የሚጀምረው ከታተመበት ዓመት ሳይሆን ደራሲው ካረፉበት ከ1996 ዓ.ም. ስለ ሆነ እስከ 2046 ዓ.ም. ይደርሳል። መጽሐፉ አርጅቷልና የማንም ነው የምትሉ ጓደኞቼ እዚህ ላይ ትሳሳታላችሁ፤ እኔም ተሳስቼ ነበር።

ከሁሉ የሚያስገርመው የትርጕም ነገር ነው። እንግሊዛዊው ሼክስፒር በ1616 እ.ኤ.አ. ስለ ሞተ «ሐምሌት»ን ማንም ሊተረጕመውና ሊጫወተው ይችላል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ግን ሐምሌትን ወደ ዐማርኛ መልሰውታል፤ ትርጕም ደግሞ በሕጉ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሎሬት ጸጋዬ ያረፉት በ1998 ዓ.ም. ነውና የእርሳቸው ዐማርኛ እስከ 2048 ዓ.ም. የወራሾቻቸው ነው። እንግዲህ ክበባችን ሐምሌትን ከእንግሊዝኛው ራሱ ተርጕሞ ቢጫወት የሚጠይቀው የለም፤ የጸጋዬን ቃል ይዞ ቲኬት ቢሸጥ ግን ፈቃድ መለመን ይኖርበታል። አንድ ታሪክ፥ ሁለት አጥር።

ዘፋኞችና ተዋንያን፥ ድምፅ ቀርጸው የሚያሳትሙ ሰዎችና ሬዲዮ ጣቢያዎችም «ተዛማጅ» የተባለ የራሳቸው መብት አላቸው። ይኸውም ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 50 ዓመት፥ ለጣቢያዎቹ 20 ዓመት ነው። ይህ ሰፊ ስለ ሆነ እዚህ ላይ አልቈይም።

አሁን ወላጆችን ጭምር የሚመለከተውን ላንሣ። ከትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት ሙሉ መጽሐፍ ገልብጠው፥ ጠርዘው፥ ከዋናው ዋጋ በታች የሚሸጡ ፎቶ ኮፒ ቤቶች እንዳሉ ሁላችን እናውቃለን። ዛሬ ደግሞ መጽሐፉ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ይበተናል። ሕጉ አንድ ሰው ለግል አገልግሎቱ አንድ ቅጂ እንዲያደርግ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የመጽሐፍን ሙሉውን ወይም ዋናውን ክፍል በፎቶ ኮፒ ማባዛትን ከዚህ ፈቃድ አውጥቶታል። ለጥናታችን ጥቂት ገጾች መገልበጥና መጽሐፉን ጠቅላላ መገልበጥ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። መጽሐፍ ውድ ነው፥ አራት ልጅ የሚያስተምር አባት ለእያንዳንዱ ከየት ያመጣል የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ ዐውቃለሁ። እውነት ነው፤ እኔም የተገለበጠ መጽሐፍ ይዤ ተምሬአለሁ። የቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ባዶ ባይሆን ኖሮ ግን ብዙዎቻችን ወደዚያ ሱቅ ባልሄድን ነበር።

ሕጉ ለትምህርት ቸር ነው። ከታተመ ሥራ ተገቢ በሆነ መጠን መጥቀስ፥ የደራሲውንና የመጽሐፉን ስም እስከ ጠራን ድረስ፥ የተፈቀደ ነው። በቤተሰብ ስብሰባ ወይም በትምህርት ቤት ያለ ክፍያ የሚደረግን ጨዋታ ባለመብቱ ሊከለክል አይችልም። እዚህ ላይ ስደርስ «እንግዲያስ ድኛለሁ!» ብዬ ወደ መምህራችን ሮጥሁ። እርሳቸው ግን ጣታቸውን «ያለ ክፍያ» በሚለው ላይ አኖሩና፥ «የ20 ብሩስ ቲኬት? ፍጻሜውን መለወጥህስ? ስምህን ደራሲ ብለህ መጻፍህስ?» አሉኝ። ሦስቱም ትክክል ነበሩ።

የቅጣቱን ነገር ሳነብ ደግሞ ደነገጥሁ። አዋጁ በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ መብትን ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ደነገገ፤ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰውም ከ1 እስከ 5 ዓመት። ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሣ ከ100,000 ብር ማነስ የለበትም። እንደ እኔ አስተያየት ቅጣቱ እጅግ ከብዷል፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱን ሁሉ በዚህ ልክ እንቅጣ ቢባል ወኅኒ ቤቱ አይበቃም። ሆኖም ሕግ አውጪው ነገሩን እንደ ቀልድ እንዳላየው ያስረዳል።

በመጨረሻ የሆነውን ልንገራችሁ። ለደራሲው ደብዳቤ ጽፈን ከደብተሩ ግልባጭ ጋር በመጽሐፉ ላይ ወደ ታተመው አድራሻ ላክን። ደራሲው በሕይወት ያሉ አዛውንት ናቸው። መልስ ሳይመጣ ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ክበቡም በእኔ ማጉረምረም ጀመረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለመምህራችን ስልክ ተደወለ። ቴያትሩን እንድንጫወት ፈቅደዋል። ቲኬት እንድንሸጥም ፈቅደዋል፤ ገንዘቡ ለመጻሕፍት መደርደሪያ ከሆነ አንድ ሳንቲም አልፈልግም ብለዋል። አንድ ነገር ግን አልፈቀዱም፤ ዕርቁን። መምህራችን ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ። «ልጄ፥ እነዚህ ሰዎች አልታረቁም። ቢታረቁ ኖሮ እኔ ታሪኩን አልጽፈውም ነበር» አሉኝ ደራሲው። ድምፃቸው አልተቈጣም። እኔ «እሺ፥ አባባ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም።

ገንዘቡን ትተው ፍጻሜውን ያዙ። ቀደም ብዬ ከሁለቱ መብቶች የትኛው እንደሚበልጥ ያሰብሁት ሁሉ በዚያች ቅጽበት ተገለበጠ።

በዓሉ ሊደርስ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። አንዳንድ ጓደኞቼ፥ «እርሳቸው መጥተው አያዩን፤ አስታርቀን እንጫወት» አሉ። በድምፅ ብልጫ ተሸነፉ። እኔ በየትኛው ወገን እንደ ነበርሁ ለመናገር አፍራለሁ፤ ምክንያቱም የዕርቁ ትዕይንት ከደብተሩ ሁሉ የምወደው ነበር። ያም ሆኖ ሦስተኛውን ገቢር በሁለት ሌሊት እንደ ገና ጻፍሁት። በማስታወቂያው ላይ የደራሲው ስም ከላይ፥ የእኔ ስም «ወደ ቴያትር የለወጠው» ተብሎ ከሥሩ ተጻፈ። ይህም ስጦታ አልነበረም፤ ቃለ ምልልሱ የእኔ ሥራ ስለ ሆነ ሕጉ ራሱ የሚሰጠኝ ነው። መጋረጃው ሲዘጋ እልልታ አልነበረም። ወላጆች ጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ከዚያ አጨበጨቡ። እናቴ ወደ ቤት ስንሄድ፥ «ምነው ብታስታርቋቸው?» አለችኝ። መደርደሪያው ተገዝቷል፤ በቤተ መጻሕፍቱ በስተግራ ታገኙታላችሁ።

የዕርቁን ትዕይንት ግን አልጣልሁትም። መምህራችን፥ «ሐሳቡ የማንም ነው ብለህ አስተምረኸን የለም? እንግዲያስ የራስህን ሰዎች ፈልግ» አሉኝ። አሁን በአዲስ ደብተር የምጽፈው ስለ ሁለት የተጣሉ ተማሪዎች ነው። አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ ለሁለት ደርሷቸው፥ አንደኛዋ በአንድ ሳምንት፥ ሌላዋ በሌላው ሳምንት ትወስደዋለች፤ ፈተናው ግን በአንድ ቀን ነው። በሬ የለም፤ የድንበር ድንጋይ የለም። በሽፋኑ ላይ ስሜን ጽፌአለሁ። ሁለተኛው ገቢር አልቋል፤ ይታረቁ አይታረቁ እንደ ሆነ ግን ገና አልወሰንሁም።